ከበቅሎዋ ጭራ ሥር

የዶክተር እናኑን ሞት የሰማሁት ከሰብሳቢው ነው፤ ይህ ራሱ እስካሁን ያናድደኛል። ጠዋት ወደ ሥራ ልወጣ ጫማዬን ሳስር ስልኬ ጮኸ። የድሮ ተማሪዎቿ በቴሌግራም ባለን ቡድን ውስጥ ፎቶዋ በጥቁር ፍሬም ተለጥፏል፤ ከሥሩ ረጅም ጽሑፍ አለ። «ለእውነት የኖረች፣ ለእኔም እንደ እህቴ የነበረች» ይላል። የጻፈው እሱ ነው። ሰዉም የሚያለቅስ ፊት ከሥር ከሥሩ ደርድሮለታል። ስልኩን አልጋው ላይ ወርውሬ አንድ እግሬን ብቻ እንደተጫማሁ ቁጭ አልኩ። መጀመሪያ የመጣብኝ ለቅሶ አይደለም፤ ንዴት ነው። ለቅሶው በኋላ መጣ፤ እሱም ቢሆን ከንዴቱ ጋር ተደባልቆ ነው የወጣው።

ስሙን አልጽፈውም። በኮሌጃችን እሱ የማይሰበስበው ኮሚቴ ስላልነበረ ተማሪው ሁሉ ሰብሳቢው ይለው ነበር፤ እኔም እንደዚያው እለዋለሁ። አንቱም አልለውም።

ዶክተር እናኑ የእንስሳት ሐኪም ነበረች። ጃናሞራ ውስጥ ከመካነ ብርሃን ወጣ ብሎ ካለ መንደር ተወልዳ፣ ጎንደር ከተማ እኛን የጋማ ከብት ሕክምና ስታስተምር ኖራለች፤ ፈረስ፣ በቅሎና አህያ ማለት ነው። አጭርና ደንዳና ነበረች፤ ድምጿ ግን ከቁመቷ ይበልጣል። የነጭ ጋዋኗ ኪስ መቀስ አያጣም፤ እስክሪብቶ ግን ሁልጊዜ ከተማሪ ትዋሳለች፤ አትመልስምም። ክረምት ከበጋ ቦቲ ጫማ ነው የምታደርገው። ሱፍ ለብሶ ግቢ ውስጥ የሚንጎራደድ መምህር ስታይ ጠጋ ብላ፣ «ሠርግ አለ እንዴ? ምነው ሳትጠራኝ?» ትለዋለች።

አንቱታ አትወድም። በመጀመሪያው ቀን «እርስዎ» ያላትን ተማሪ፣ «በቅሎ ስትረግጠኝ ነው የኖርኩት፤ አንተ ደግሞ ከየት የመጣህ ጨዋ ነህ?» አለችው። ሁላችንም «አንቺ» ማለት ለመድን፤ ዘውዱ ብቻ አልቻለም። ዘውዱ አብሮኝ ጥናት የሠራ ጓደኛዬ ነው፤ የጭልጋ ገበሬ ልጅ፣ ትልቅ ሰው ፊት ቀና ብሎ የማያይ። ሲጨንቀው «ዶክተር፣ አንቺ ይግቡ» ይላት ነበር። ጎኗን ይዛ ትስቃለች።

በዚያው የመጀመሪያ ቀን ግቢው ውስጥ የታሰረች በቅሎ አሳይታን «መርምሩና ንገሩኝ» አለችን። እኔ የአዘዞ ልጅ ነኝ፤ እናቴ ነርስ፣ አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ፤ በቅሎ የማውቀው በመንገድ ስታልፍ ነው። ቢሆንም ከሌሎቹ ጋር ተሽቀዳደምኩ። ዓይኗን አየን፣ ጥርሷን አየን፣ ሰኮናዋን፣ ጀርባዋን፣ የልቧን ምት ሳይቀር አዳመጥን። «ደህና ናት» አልን በአንድ ድምፅ። ዶክተር እናኑ ጠጋ ብላ እጇን በበቅሎዋ ዳሌ ላይ አሳረፈችና «ይቅርታ እሜቴ» አለቻት፣ አንድ ትልቅ ሴትዮ እንደምታናግር። ከዚያ ጭራዋን ቀስ አድርጋ አነሣችው። ከሥሩ ቆዳው ተገሽልጦ ቀይ ሥጋ ይታያል፤ ዝንብ ሰፍሮበታል።

«እናንተ ደህና ናት ብላችሁ ልትሸኟት ነበር» አለች። «ነውር ነው ብላችሁ ነው? ይሸታል ብላችሁ ነው? ነውሩስ አለማየታችሁ ነው። ጭራ ሳታነሡ ደህና ናት አትበሉኝ!»

ከዚያ በኋላ ይህ ነገር ለሁሉ ነገር መልሷ ሆነ። አዲሱ ሕንጻ አማረ ሲሏት «ጭራውን አንሥታችሁ አይታችኋል?» ትላለች። ፊቱ ጠቁሮ «ደህና ነኝ» የሚል ተማሪ ካገኘች ደግሞ «ጭራህን ላንሣ እንዴ?» ብላ ታስቀዋለች፤ ከዚያ ጥግ ይዛው ሄዳ ችግሩን ትሰማለች። ባለጌ ናት የሚሏት ነበሩ። ይበሏት።

እኔና ዘውዱ የመመረቂያ ጥናት የምንሠራበት ዓመት አንድ ፕሮጀክት ለደጋው ገበሬ አዲስ የጭነት ኮርቻ ማደል ጀምሮ ነበር። ኮርቻው ከሥሩ ስፖንጅ አለው፤ ጭነቱ ወደ ፊት እንዳይንሸራተት ደግሞ ከከብቷ ጭራ ሥር የሚያልፍ የናይለን ጠፍር አለው። የሞከሩት ጠዳ ላይ ነው። ጠዳ ሜዳ ነው። ሜዳ ላይ ያ ጠፍር ላላ ብሎ ከመቀመጥ በቀር ሥራ የለውም። የከብቶቹ ጀርባ በእርግጥም ዳነ፣ ገጣባ ጠፋ፣ ሪፖርቱም ይህንኑ ጻፈ። ከዚያ ያንኑ ኮርቻ በመኪና ጭነው ጃናሞራ አወጡት።

ጃናሞራን ለሚያውቅ ሰው ከዚህ በኋላ ያለውን መንገር አያስፈልግም። መንገዱ ገደል ነው። ገብስ የጫነች በቅሎ ቁልቁል ስትወርድ ጭነቱ በሙሉ ወደ አንገቷ ይገፋል፤ ወደ ኋላ የሚይዘው ያ ናይለን ብቻ ነው። ክብደቱ ሁሉ የጣት ስፋት ባለው ጠፍር ከጭራዋ ሥር ተንጠልጥሎ ይወርዳል። ይህን ለማወቅ አንድ ቀን ከበቅሎ ኋላ ቁልቁለቱን መውረድ ይበቃ ነበር። ማንም አልወረደውም።

«ሸጋ ኮርቻ ነው እያሉ ነው፤ ሂዱና ጭራ አንሡ» ብላ ላከችን። ከመካነ ብርሃን በታች ባለው መንገድ ገበያ የሚወርዱ በቅሎዎችን እያስቆምን አነሣን። ጀርባቸው ያማረ ነበር። ጭራቸው ሲነሣ ግን የገበሬው ልጅ ዘውዱ እንኳ ፊቱን አዞረ። ከሁሉ የባሰችው አያ ደሴ የሚባሉ አዛውንት በቅሎ ነበረች፤ ናይለኑ ሥጋዋ ውስጥ ገብቷል። ዘውዱ ያንን ፎቶ አነሣ።

«ኮርቻውስ ሸጋ ነበር» አሉን አያ ደሴ አንገቷን እየዳበሱ። «ጠፍሩ ነው የበላት።»

«ታዲያ ምነው አይፈቱላትም አያ?» አልኳቸው።

«ያልተጠቀመበት ይመልስ ብለውናል፤ አንድም ነገር እንዳትነኩበት ብለውናል። አሁን እምቢ ብል፣ ነገ ዘር ሲመጣ፣ ማዳበሪያ ሲመጣ፣ ማን ደሴ ብሎ ይጠራኛል?»

ጥናታችን በዓመታዊው የምርምር ጉባኤ ላይ እንዲቀርብ ተመረጠ። ለተማሪ ትልቅ ነገር ነው፤ እናቴ ለሰፈሩ ሁሉ አወራች። ከጉባኤው በፊት ሰብሳቢው ሦስታችንንም ቢሮው ጠራን። ስላይዶቹን አንድ በአንድ እያየ «በጣም ጥሩ፣ በጣም ጥሩ» ሲል ቆይቶ የአያ ደሴ በቅሎ ፎቶ ላይ ሲደርስ በጣቱ ጠቆማት።

«ይቺ ትውጣ» አለ። «የጉባኤውን ድባብ ታበላሻለች። ድምዳሜውም ይስተካከል፤ ‹በጠፍሩ ምክንያት› የሚለው ‹በገበሬው የአያያዝ ጉድለት› ይባል። እንግዶች አሉብን።»

እንግዶቹ የፕሮጀክቱ ሰዎች ናቸው። የጉባኤውን ቦርሳ፣ ባነሩን፣ ምሳውን ሁሉ የቻሉት እነሱ ናቸው።

«ገበሬው ምን አጠፋ?» አለች ዶክተር እናኑ። «ቁልቁለቱን እሱ ነው የሠራው?»

«እናኑ፣ ነገሩን ፖለቲካ አታድርጊው።»

«የበቅሎ ቂጥ ነው እኮ! የምን ፖለቲካ ነው?»

ፊቱ ደም መሰለ። ስንወጣ ደረጃው ላይ አቆመችን። እንደዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። «ዲግሪው የእናንተ ነው። ቤተሰብ የሚጠብቃችሁ ልጆች ናችሁ፤ ፎቶዋን ብታወጧት አልቀየማችሁም። ጥፋቱን በገበሬው ላይ ካደረጋችሁ ግን የእኔን ስም ከጥናቱ ላይ አውጡት።»

ዘውዱ ቀና ብሎ ዓይኗን ያያት ያን ዕለት ነው። «ዶክተር፣ እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ» አላት። ፎቶዋም አልወጣችም፣ ድምዳሜውም አልተነካም።

የጉባኤው ዕለት አዳራሹ በር ላይ ማንን ብናገኝ ጥሩ ነው? የአያ ደሴን በቅሎ። ፕሮጀክቱ ለእንግዶች ማሳያ ብሎ በአይሱዙ ጭኖ ጎንደር አውርዷታል። ኮርቻው ተጭኖባት፣ ቀይ ዘርፍ ተንጠልጥሎላት፣ እንግዳው በየተራ አጠገቧ እየቆመ ፎቶ ይነሣል። አያ ደሴ የፕሮጀክቱን ኮፍያ አጥልቀው ልጓሟን ይዘዋል። እኛን ሲያዩ ኮፍያውን ወደ ዓይናቸው ዝቅ አደረጉት።

ተራችን ልክ ከምሳ በፊት ነበር። ዘውዱ ይናገራል፣ እኔ ስላይዱን እገልጣለሁ። ስለ ጀርባው መዳን ሲናገር ተጨበጨበለት፤ የፕሮጀክቱ ሰዎች ፈገግ አሉ። ከዚያ ፎቶዋ ወጣች።

«ኧረ ምሳ ልንበላ ነው!» አለ አንድ ሰው ከኋላ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የእንስሳት ሐኪሞች ናቸው እኮ የሳቁት! ቁስል አይተው የሚያውቁ፣ ለቁስል ደሞዝ የሚበሉ ሰዎች! ዘውዱ ሳቁ እስኪያልፍ ጠብቆ «ምክንያቱ ጠፍሩ ነው» ብሎ ሲጀምር፣ መድረኩን የሚመራው ሰብሳቢው «ጊዜያችሁ አልቋል፣ እናመሰግናለን» አለ። ጊዜያችን አላለቀም ነበር። ማይኩ ተዘጋ። ዘውዱ ግን አላወቀም፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ያን ከንፈር ዛሬም ሳስበው ጥርሴን እነክሳለሁ።

ዶክተር እናኑ ከመሀል ረድፍ ተነሣች። እሷ ማይክ አያስፈልጋትም። «ፎቶዋ ምግብ ከዘጋችባችሁ፣ ራሷ ውጭ ቆማላችኋለች፤ ኑ!» ብላ በቦቲዋ እየረገጠች ወጣች። መጀመሪያ እኛ ተከተልናት፣ ከዚያ ጥቂት ተማሪዎች፣ ከዚያ ነገር የሚወድ ሁሉ፣ መጨረሻ ላይ አዳራሹ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ከበቅሎዋ ጎን ቆመች፣ እጇን ዳሌዋ ላይ አሳረፈች። «ይቅርታ እሜቴ» አለቻት፣ ያ ሁሉ ሱፍ ለባሽ እያየ። ጭራዋን አነሣችው።

ያኔ የሳቀ የለም። ቁስሉ ከፎቶው ብሶ ነበር።

ሰብሳቢው ሰዉን እየገፋ መጣ። «ይሄ በመኪና ስትመጣ ተፈግፍጋ ነው» አለ። ወደ አያ ደሴም ዞሮ ፈገግ ብሎ «አይደለም እንዴ አባት?» አላቸው። አያ ደሴ እሱን አዩት፣ ኮፍያ የሰጧቸውን ሰዎች አዩ፣ መሬቱን አዩ።

«የእግዜር ነው ጌቶቼ» አሉ።

«አያ ደሴ፣ ምነው!» ብሎ ጮኸ ዘውዱ። ዶክተር እናኑ እጇን አንሥታ ዝም አሰኘችው። ሽማግሌውን አንድ ቃል አልተናገረቻቸውም። ከኪሷ መቀሷን አወጣች፣ ናይለኑን ከግራም ከቀኝም ቆረጠችው፣ አንሥታም ሰብሳቢው እጅ ላይ አስቀመጠችለት። ደም ነበረበት። «ይሄን ሰውዬ አስዋሽኸው» አለችው። ከዚያ ሁሉም ምሳ ሄደ። ምሳው ጥሩ ነበር አሉ።

ከሚቀጥለው ሴሚስተር ጀምሮ የጋማ ከብት ትምህርቱን ተነጠቀች። ምክንያቱ የእንግዳን ንብረት ማበላሸት ነው ተባለ። ዶሮ እርባታ እንድታስተምር ተመደበች። «ዶሮም ጭራ አላት» ብላ ሳቀች፤ ያ ሳቅ ግን ከአንጀቷ አልነበረም፤ ሕይወቷን በሙሉ የኖረችበትን ሥራ ነው የወሰዱባት። የፕሮጀክቱም ሪፖርት እንደነበረው ቀረ፤ ኮርቻው ሸጋ፣ ጀርባው ደህና።

እኔ ያኔ ንዴቴን ሁሉ ያዞርኩት በአያ ደሴ ላይ ነበር። ቢሮዋ ዕቃዋን ስንሰበስብ፣ «እኛ ለእሳቸው ስንከራከር እሳቸው ካዱን! ፈሪ!» አልኳት። መጽሐፍ ካርቶን ውስጥ እየከተተች ነበር፤ ቀና ብላ አየችኝ።

«ነገ ስሙ የማይጠራው እሱ ነው፤ አንቺ አይደለሽም» አለችኝ። «ንዴት ሸጋ ነገር ነው፤ አታባክኚው። ለሚገባው ሰው አስቀምጪለት።»

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር በራሷ ጊዜ ጃናሞራ ትወጣ ነበር። ጸጉሩ ያልተላጨ የበግ ቆዳ ቆራርጣ ትይዛለች፤ ገበያ ዳር ቁጭ ብላ ናይለኑን በቆዳው እየጠቀለለች ትሰፋለች። በቃ፣ መፍትሔው ይሄው ነበር! አንዲት ቁራጭ የበግ ቆዳ! ፕሮጀክቱ ከፋብሪካው ጀምሮ ሊያስበው የሚችል ነገር። ይህን ለማለት ነበር ዘውዱ ማይክ የፈለገው። ናይለኑ ግን ዛሬም እርቃኑን ይታደላል፤ እሷ ሰፍታ ሳትጨርሰው ታመመች፤ ሕመሟም አላቆያትም።

ለቅሶው መካነ ብርሃን ነበር። ዘውዱ አሁን ጭልጋ የእንስሳት ክሊኒክ ይሠራል፤ ጎንደር ተገናኝተን አብረን ወጣን። በደጋው ለታላቅ ሰው ለቅሶ፣ የሟቹ ዕቃ የተጫነባት በቅሎ ተሸልማ በለቀስተኛው መሀል ትዞራለች። ለእናኑም ይገባታል ብለው ዘመዶቿ አደረጉላት። ነጭ ጋዋኗ ኮርቻው ላይ ተነጥፏል፤ ቦቲዎቿ በግራና በቀኝ ተንጠልጥለዋል። በቅሎዋ ያችው የጉባኤዋ በቅሎ ናት፤ አርጅታለች። የሚስቧት አያ ደሴ ናቸው። እኔን ቦቲዎቹ ገደሉኝ፤ ባዶአቸውን ሲወዛወዙ ማየት አልቻልኩም።

ሰብሳቢው ለቀብሩ አልደረሰም። ለንግግሩ ግን ደረሰ። ከመኪናው የአበባ ጉንጉን የያዘ ሰው፣ ካሜራ የያዘ ሰው፣ የድምፅ ማጉያ የያዘ ሰው አስከትሎ ወረደና ለቅሶው ሜዳ መሀል ቆሞ ማንበብ ጀመረ። የት እንደተወለደች፣ የት እንደተማረች አነበበ። የዶሮውን ነገር ዘለለው። «ተማሪዎቿ ጥናታቸውን ሲያቀርቡም ከጎናቸው ቆመን፣ ለበቅሎዎቻችን ደኅንነት በአንድነት ታግለን...»

ታግለን!

ነጠላዬን አጥብቄ ተነሣሁ። ዘውዱ ክንዴን ያዘኝ። «ተይ፣ ለቅሶ ነው።»

«ለሚገባው ሰው አስቀምጪለት ብላኛለች» አልኩት። «አስቀምጫለሁ። ዛሬ ላስረክበው ነው።»

አልደረስኩም። አያ ደሴ ቀድመውኝ በቅሎዋን አዙረው ሰብሳቢው ፊት አቆሟት፤ ጀርባዋን ለእሱ ሰጥታ። ኮፍያ የለባቸውም፤ ራሳቸው ባዶ ነው።

«ጌታው፣ ያን ቀን ጎንደር ላይ ጠይቀኸኝ ነበር» አሉ። «የእግዜር ነው ብዬህ ነበር። ዋሽቼ ነው። እግዜር ናይለን አይሠራም።»

ሰብሳቢው ማይኩን ከአፉ አራቀ። «አባት፣ አሁን ጊዜው...»

«እሷ በሕይወት እያለች እናገራለሁ ስል፣ ስፈራ፣ እናገራለሁ ስል፣ ስፈራ፣ ሞተችብኝ» አሉ አያ ደሴ። እንባቸው ጢማቸው ውስጥ ይገባል። «አሁን ምን እፈራለሁ? ኮርቻህንም ውሰደው።» እጃቸውን በቅሎዋ ዳሌ ላይ አሳረፉ። «ይቅርታ እሜቴ» አሏትና ጭራዋን አነሡ።

ቁስሉ ድኗል። ጠባሳው ግን የጣት ስፋት ያለው ጥቁር መስመር ሆኖ ቀርቷል፤ ጸጉር አልበቀለበትም። በተቆረጠው ፈንታ የተተካው ጠፍር በበግ ቆዳ ተጠቅልሏል፤ ስፌቱ የእናኑ ነው፤ ወፍራምና ጠማማ፣ እንደ ጽሕፈቷ። ባለ ካሜራው ካሜራውን ወደ መሬት አወረደ። ሰብሳቢው ፊቱን ወደ መኪናው አዞረ።

«እየው» አሉት አያ ደሴ።

«አየሁ፣ አየሁ» አለ ዓይኑን ከመኪናው ሳይነቅል።

«አላየህም።»

ለቀስተኛው ከቦ ቆሟል። በቅሎዋም ቆማለች፤ አያ ደሴ ጭራዋን አልለቀቁም። ከኋላዬ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ቀና ብሎ፣ ማይክ ሳይኖረው፣ ሜዳው ሁሉ እስኪሰማው የተናገረው ዘውዱ ነበር።

«እስኪያይ እንጠብቀዋለን አያ፤ ጊዜያችን አላለቀም» አለ።